የአማቴ ቧንቧ

አንድ ነገር ሲበላሽብን ቶሎ የምንጠረጥረው ፊት ለፊት የሚታየውን ነው። ሬዲዮው ሲንኮሻኮሽ ጀርባውን በጥፊ እንለዋለን እንጂ ሽቦው የት ላይ እንደተበጠሰ አንፈልግም። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ፔርሙሱን እንረግማለን፤ ክዳኑን ሳይገጥም የሄደው ሰው ግን አብሮን ቁጭ ብሎ ይረግማል። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሥራ አልሄድ ሲል ደግሞ ኃላፊ ይቀየራል። አዲሱ ኃላፊ ይመጣል፣ መጋረጃ ያስቀይራል፣ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ወደ በሩ ያዞራል፣ ለጥቂት ሳምንት ‹ፕላን›፣ ‹ሪፎርም›፣ ‹ፎሎው አፕ› እየተባለ ኮሪደሩ ይሞቃል፤ ከዚያ ባለጉዳዩ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ፋይሉም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይገኛሉ። የተቀየረው የሚታየው ነው። የማይታየው እንደተደፈነ ቀርቷል።

እንዲህ ስጀምር ‹ይሄን ሰውዬ ዛሬ አለቃው አስቀይሞታል› እንዳትሉኝ። አለቃዬ ደህና ሰው ነው፤ መጋረጃም አላስቀየረም። እኔ ላወጋችሁ የተነሳሁት ስለ ቦይለር ነው። በትክክል ለመናገር ስለ ቦይለሩ ሳይሆን ከቦይለሩ ጀርባ ስላለው ቧንቧ ነው። ይበልጥ በትክክል ለመናገር ደግሞ ስለ አማቴ ነው።

የምኖረው ቦንጋ ነው። ከጎጃም ለሥራ ተመድቤ ስመጣ ትንሽ ሠርቼ ዝውውር ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ። ዝውውሩን ሳልጠይቅ አስቴርን ጠየቅሁ። እሺ አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዝውውር የሚባል ነገር ያነሳብኝ የለም፤ እኔም አላነሳሁም። ቦንጋን የማታውቁ ካላችሁ፣ እዚህ ዝናብ እንደ ሌላው አገር ወቅት ጠብቆ አይመጣም። ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሲለውም ይቆያል። ያሰጣነውን ልብስ ጨምቀን እንደገና የምናሰጣበት ጊዜ አለ። ደኑ ዝም ብሎ አልለመለመም፤ እኛም አብረነው ነው የምንረጥበው። እና እዚህ አገር ሙቅ ውሃ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ካለ፣ ጉልበቱ ገና ያልታመመ ሰው ነው።

የእማማ አስካለች ጉልበት ግን ታሟል። እማማ አስካለች የአስቴር እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የኖሩት እዚሁ ካፋ ውስጥ፣ ደካ ነው። ባለቤታቸው ሲያርፉ፣ እዚያ ብቻቸውን ከሚሆኑ ብለን ለምነን ወደ ቦንጋ አመጣናቸው። ‹ለምነን› የምትለዋን አስምሩባት። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከልጃቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ያወራሉ። ካፊኖኖው ሲወራ ግማሹን በጆሮዬ እሰማለሁ፣ ግማሹን ከፊታቸው ላይ አነባለሁ። ቁርጥማቱ ሲነሳባቸው ወደ ጤና ጣቢያ ወስደናቸው፣ ነርሷ ‹በሙቅ ውሃ ይታጠቡ፣ ቅዝቃዜ አይንካዎት› አለቻቸው። እኛም ከቤቱ ጀርባ አያይዘን፣ ከነመታጠቢያው የራሳቸውን ክፍል ሠራንላቸው። ሙቅ ውሃው ከእኛ መታጠቢያ ቤት ቦይለር ይነሳና ወጥ ቤቱን አልፎ፣ የጀርባውን ግድግዳ ተከትሎ እሳቸው ዘንድ ይደርሳል። ይደርሳል ነበር የምንለው።

የሚታጠቡት ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ሲወጡ በረንዳ ላይ እጠብቃቸውና፣

‹እማማ፣ ውሃው ሞቀልዎት?› እላለሁ።

‹ሞቋል ልጄ፣ ተባረክ› ይሉኛል።

ምርቃት የማይወድ አማች የለም። እኔም ተባርኬ ወደ ጋዜጣዬ እመለሳለሁ።

ከክረምቱ አጋማሽ በኋላ ቦይለሩ ማጓራት ጀመረ። ሲበራ እንደ አሮጌ አውቶብስ ይንገራገጫል፤ አንዳንዴም የቤቱን መብራት በሙሉ ይዞት ይጠፋል። እኛ ቦይለሩ አረጀ አልን። በዚያው ሰሞን እማማ አስካለች እራት ላይ ቁጭ ብለው፣ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል፣ ‹መስቀልን ከእናንተ ጋር ልዋልና ወደ ደካ ልመለስ። ቤቴ ናፈቀኝ› አሉ።

አስቴር እጇ ላይ የያዘችው ጉርሻ እዚያው ቀረ። ደካ የሚጠብቃቸው የተዘጋ ቤትና የሚያፈስ ጣሪያ ነው። የሚያወሩት ሰው የለም፤ ሲታመሙ የሚያነሳቸው የለም። ወጥ ቤት ገብታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ስታለቅስ ደረስኩባት። ‹ምን አጎደልኩባት?› አለችኝ። ምንም አላጎደለችም። እኔም ‹ሰው አገሩ ይናፍቀዋል› አልኳት። ይሄ እውነት ቢሆንም፣ ከጎኑ የተኛ ሌላ እውነት እንዳለ ያኔ አላወቅሁም።

አንድ ቀን እማማ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ሳለ የመታጠቢያ ቤታቸውን አምፖል ልቀይርላቸው ገባሁ። እጄን አቧራ ነክቶት ስለነበር ልታጠብ ብዬ ቀይ ምልክት ያለበትን ቧንቧ ከፈትኩ። ቧንቧው እንደ ሰው ሳለ። እንደገና ሳለ። ከዚያ ክር የምታህል ቡናማ ውሃ አወረደ። እስኪሞቅ ልጠብቅ ብዬ እጄን ከሥር ያዝኩ። ጣቶቼ ቀዘቀዙ እንጂ አልሞቀም። ሮጬ ወደ እኛ መታጠቢያ ቤት ሄድኩ፤ እዚያ ውሃው ሙቅ ነው፣ እየተንገራገጨም ቢሆን ይወርዳል። ተመልሼ መጣሁ። እዚህ ቀዝቃዛ ነው።

እኒህ ሴትዮ ይሄን ሁሉ ቅዳሜ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥበው፣ ጉልበታቸው እየተቆረጠመ ወጥተው፣ በረንዳ ላይ ቆሜ ስጠይቃቸው ‹ሞቋል፣ ተባረክ› ብለውኛል። ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን መለየት አቃተኝ፤ በዚህ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ደግ ነው።

‹ታዲያ ለምን አልነገሩህም?› ትሉኝ ይሆናል። እንዲህ የምትሉ ከሆነ አማት የላችሁም። አማት ለአማቿ ‹ውሃህ ቀዘቀዘብኝ› አትልም። እኛ አገር እንግዳ ወንበሩ ቢቆረቁረው ‹ምቹ ነው› ይላል፤ ቢርበው ‹አሁን ነው የበላሁት› ይላል፤ ብርድ ልብሱ ቢያጥርበት እግሩን አጥፎ ያድርና ጠዋት ‹ደህና አደርኩ፣ እንዴት ሞቀኝ መሰላችሁ› ይላል። ይሉኝታ ይባላል። እናቶቻችን ያሳደጉን በእሱ ነው፤ በእሱ ምክንያት ደግሞ እናቶቻችን በብርድ ይጠበሳሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት ለሌላው እንጂ ለአማት አልተተረተም።

ለአስቴር ነገርኳት። ወዲያው ብድግ አለች፤ ‹አሁኑኑ እጠይቃታለሁ!›። ያዝኳት። ‹ጠይቂያቸውና ምን ይሉሻል? ዋሽቼ ነበር ይበሉሽ? በዚህ ዕድሜያቸው ልታሳፍሪያቸው ነው? የዛሬዋ አውቶብስ ካመለጠቻቸው የነገዋን ነው የሚይዙት።› ቁጭ አለች። ልክ መሆኔን ታውቃለች፤ እናቷ ናቸው። እዚያው ቁጭ ብለን ተማከርን። ቧንቧው ይስተካከላል፤ እኛ ማወቃችንን ግን እማማ ማወቅ የለባቸውም። ‹ቦይለሩ አርጅቷል፣ አዲስ እንቀይራለን› ተብሎ በዚያ ሽፋን ሁሉም ነገር ይጠረጋል። ሴትየዋ ወደ ደካ የሚሄዱት አገራቸው ናፍቋቸው ከሆነ መርቄ እሸኛቸዋለሁ፤ በእኔ ቀዝቃዛ ውሃ ተገፍተው ግን ከዚህ ቤት አይወጡም ብዬ ለራሴ ማልኩ።

አዲሱ ቦይለር ከጅማ በአውቶብስ መጣ። ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ ሳሎን ውስጥ ተቀመጠ፤ የመጣ ጎረቤት ሁሉ ‹እንኳን ደስ ያላችሁ› ይለናል፤ ሠርግ የደገስን ነበር የምንመስለው። እማማ አስካለች ካርቶኑ ብርድ እንዳያገኘው ይሁን እንዲያምር አላውቅም፣ ነጭ ዳንቴል አለበሱት።

ቧንቧ ሠራተኛችን ተካልኝ ይባላል። የቢታ ገነት ልጅ፣ እንደ እማማ ካፊኖኖ ተናጋሪ ነው፤ ጎልማሳ፣ ሳቂታ፣ እኛ ሰፈር እጁ ያልነካው ቧንቧ የለም። መሣሪያውን አራግፎ አዲሱን ቦይለር አየና ዓይኑ በራ።

‹ጋሼ፣ አሮጌውን እናውርድ፣ ይሄን እንስቀለውና እንገላገል።›

‹አይሆንም› አልኩት። ‹መጀመሪያ ከታንከሩ ጀምሮ እስከ መጨረሻዋ ቧንቧ ይጠረጋል። ከዚያ ነው የሚሰቀለው።›

‹አዲስ እኮ ነው፤ ገፍቶት ይሄዳል።›

‹አዲሱንም ያው ቆሻሻ ነው የሚቀበለው።›

ሁሉም ተባበረብኝ። አስቴር እንኳን፣ ዓላማውን እያወቀች፣ ‹ስንት ቀን ያለ ሙቅ ውሃ ልንቀመጥ ነው?› አለች። ጎረቤቱም ‹ሥራ አጣህ እንዴ?› አለኝ። እኔ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። አሮጌውን ቦይለር አውርደን ሆዱን ስንከፍተው ለክርክሩ መልስ ሰጠልን። ከውስጡ የጠላ አተላ የመሰለ ዝቃጭ ተዘረገፈ፤ ማሞቂያው ብረት ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ነበር የሚሠራው። ምስኪን፤ ያጓራው አርጅቶ ሳይሆን ታንቆ ነው። ተካልኝ ከዚያ በኋላ ‹ገፍቶት ይሄዳል› አላለም።

ታንከሩን አጠብን። ከሥሩ ቅጠል፣ ደለልና እንዴት እንደገባ እግዜር የሚያውቀው የፕላስቲክ ማንኪያ ወጣ። ከዚያ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ፣ ሌላውን ዘግተን አንዱን ለቅቀን፣ ውሃው መጀመሪያ እንደ ቡና ጠቁሮ፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ ቀልቶ፣ በኋላ ጠርቶ እስኪወርድ ለቀቅነው። የእኛ መታጠቢያ ቤት ጠራ። ወጥ ቤቱ ጠራ። ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስለነበረብኝ የጀርባውን መስመር ለተካልኝ አደራ ብዬ ወጣሁ። ስመለስ ዕቃውን ሰብስቦ ምሳ ጠግቦ በረንዳ ላይ ተቀምጧል።

‹የጀርባውስ?›

‹ተጠርጓል ጋሼ።›

ይሄን ሲል ያየው እኔን ሳይሆን ጫማዬን ነበር። ጠረጠርኩ። እማማ ወደ ጎረቤት ብቅ ሲሉ ጠብቄ መታጠቢያ ቤታቸው ገባሁና ቀዩን ቧንቧ ከፈትኩ። ሳል። ክር። ቡናማ። ወጥቼ ተካልኝን ጠራሁት፤ መጥቶ ቧንቧዋን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ አንገቱን ደፋ።

‹ጋሼ፣ እማማ ለመኑኝ።›

‹ምን ብለው?›

‹በቋንቋችን ነው የነገሩኝ። የኔን ተወው አሉኝ። እኔ ሂያጅ ነኝ፣ ለሂያጅ ሰው ብላችሁ አትድከሙ፤ ልጆቼን ወጪና ድካም አታብዛባቸው አሉኝ። ምሳ በእጃቸው አጎረሱኝ። ደግሞ እንዳትነግርብኝ አሉኝ። እናት እንዲህ ስትል ምን ልበል?›

እውነቱን ነው፤ ምን ይበል? ባለሙያ ነው፣ ግን እናት አለው። አያችሁ ይሄን ቤት? አማቴ እኔ እንዳልጨነቅ ቀዝቃዛውን ውሃ ደብቀውኛል። እኔ እሳቸው እንዳያፍሩ ማወቄን ደብቄያቸዋለሁ። አስቴር ከእናቷ እንባዋን ደብቃለች። አሁን ደግሞ ከመንገድ የጠራነው ሰው መጥቶ ከእኛ ጋር ይደብቃል። ሁላችንም እየተዋደድን፣ እየተከባበርን፣ አንዲት ቧንቧ መሐላችን ታፍና ልትሞት ነው።

‹ተካልኝ› አልኩት፣ ‹ይሄ ቧንቧ ካልተከፈተ እማማ ደካ ሄደው ብቻቸውን ነው የሚከርሙት። ገባህ? ወጪም ድካምም የእኔ ነው። ቃልህን እንደጠበቅህ ቁጠረው፤ እኔ ራሴ ነኝ ያገኘሁት።› ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ከዚያ፣ ‹እሳቸው ቤት ካሉ ግን አልችልም› አለ። ያጎረሱት እጅ ፊት እንዴት ብሎ ቃሉን ያፍርስ?

በዚህ ያገዘን ማንኪራ በምትባል መንደር የደረሰ ለቅሶ ነው። የሩቅ ዘመድ አርፎ፣ አንድ የእማማ ወንድም ልጅ ፒካፕ ይዞ እናትና ልጅን ሊወስዳቸው መጣ። ለቅሶ አይቀርም። አስቴር መኪናው ላይ ሆና በመስኮት አየችኝ፤ እኔም ‹አደራ፣ አትቸኩሉ› አልኳት። የሰማ ሁሉ ለሟቹ ያዘንኩ መስሎት ይሆናል።

መኪናው ከአጥሩ እንደወጣ እኔና ተካልኝ ጀመርን። የመስመሩን ሁለቱንም ጫፍ ከፈትን፤ ከቀዝቃዛው ቧንቧ ጎማ ስበን በእማማ በኩል ወደ ኋላ ገፋነው። ምንም። በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ፊት ገፋነው። ምንም። ግድግዳውን እየተከተልን ብረቱን በእንጨት መዶሻ መታነው። ጎረቤት በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ ‹ምን ታፈርሳላችሁ?› አለ። ተካልኝ አቼቶ ዝገት ያላላል ሲለኝ ሱቅ ሄድኩ፤ መደርደሪያ ላይ ያለውን አቼቶ በሙሉ ስገዛ ባለሱቋ ‹ድግስ አለ እንዴ? ምን ያህል ሰላጣ ነው?› አለችኝ። ‹ለአንድ ሰው ነው› አልኳትና ወጣሁ። አቼቶውን በፈላ ውሃ በጥብጠን ቧንቧው ውስጥ አፈሰስንና እንዲያላላ ተውነው። ዝናቡ በዚያው መጣ። እላያችን ላይ ነው የዘነበው፤ ግቢው ጭቃ ሆነ፤ እኛም ጭቃ ሆንን።

‹ጋሼ› አለ ተካልኝ ፊቱን በክንዱ እየጠረገ፣ ‹ይሄን ትተን በግድግዳው ላይ አዲስ ፕላስቲክ ቧንቧ እንዘርጋ። በአንድ ጊዜ ያልቃል።›

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ ነጭ ቧንቧ ግድግዳቸው ላይ ተዘርግቶ ያዩ ሴትዮ ለምን እንደተዘረጋ አይጠይቁም፤ ይገባቸዋል። የገባቸው ዕለት ደግሞ አፍረው ይሄዳሉ። ‹አይሆንም› አልኩት። ‹በዚሁ ነው የሚሄደው።› ተካልኝ ‹እርስዎ በቅሎ ነዎት› በሚል ዓይን አየኝ፤ በአፉ ግን ‹እሺ› አለ። ሥራን ከልብ ከያዙት እንደ በቅሎ መቆጠር ክፋት የለውም። ታንከሩ ውስጥ የቀረችው ውሃ ለአንድ ሙከራ ብቻ የምትበቃ ነበረች። ጎማውን ደግመን አጠበቅን፤ እሱ ከወጥ ቤቱ በኩል ለቀቀው፣ እኔ በእማማ በኩል ባልዲ ደቅኜ ጠበቅሁ።

ዝም አለ። ከዚያ ከግድግዳው ውስጥ ማጉረምረም ተሰማ። ቧንቧው ተንቀጠቀጠ። እኔ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ለማየት ጎንበስ ብዬ አፉ ላይ አፍጥጫለሁ፤ የተማረ ሰው ነኝ እላለሁ እንግዲህ። ጥቁር ጭቃ ግንባሬን አለኝ። ዝገት፣ አሸዋ፣ ከዚያ በመጨረሻ እንደ ጎፈር የተጠቀለለ ቃጫ ወጣ፤ ቧንቧ ሲገጣጠም እንዳያፈስ የሚጠመጠመው ዓይነት። የእማማ መስመር ከአሮጌው መስመር ጋር የተቀጠለበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ቃጫውን አብዝቶ ውስጥ ትቶት፣ ደለሉ ሁሉ እሱ ላይ እየተጠራቀመ አፍኖታል። ቃጫውን በጣቴ አንጠልጥዬ ለተካልኝ አሳየሁት። ፊቱ ቀላ። ያንን ክፍል ስናሠራ ቧንቧውን ማን እንደቀጠለው እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም እንዲጠየቅ አልፈለገ። ቃጫውን አጥር ሥር ጣልኩት። ይሉኝታ እኔንም ያሳደገኝ ነው ብያችኋለሁ።

ውሃው ጠርቶ፣ ሞልቶ ወረደ። ከመግቢያው ላይ ማጣሪያ ገጠምንለት፤ ከዚያ ዳንቴሉን በክብር አንስተን አዲሱን ቦይለር ሰቀልነው። መብራቱ ሲበራ አላጓራም።

እናትና ልጅ ሲመለሱ እኔ ጭቃውን በመጥረጊያ ወደ ቦዩ እየገፋሁ ነበር። እማማ አስካለች ከመኪናው ወርደው ግቢውን አዩት፣ ከዚያ እኔን ከእግር እስከ ራስ አዩኝ።

‹ምን ሆንክ ልጄ?›

‹ዝናቡ ነው እማማ።›

‹የቦንጋ ዝናብ ከታች ወደ ላይ መዝነብ ጀመረ?› አሉና ገቡ። ሌላ አልጠየቁም። እኔም ሌላ አልዋሸሁም።

መስቀል መጣ፣ ደመራው ነደደ፣ በላን፣ ጠጣን። እማማ ሻንጣቸውን አዘጋጅተው በር ሥር አቆሙት፤ ሰኞ ነው የሚሄዱት። አስቴር ሻንጣውን እያለፈች ባየችው ቁጥር ፊቷ ይቀየራል። ‹በሙቅ ውሃ ብቻ ሰው ይቀራል እንዴ?› አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ ቧንቧውን ከአንጀቴ ነው የጠረግሁት፤ ከዚያ በላይ ያለው የሴትየዋ ፈንታ ነው። ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው ፎጣቸውን ይዘው ገቡ። አስቴር ሳሎን ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች፤ የምትጥለው ምስሩን ነው፣ የምታስቀምጠው ጠጠሩን። እኔ ጋዜጣ ይዣለሁ። የውሃው ድምፅ በግድግዳው በኩል መጣ፤ ሳል የለውም።

ከዚያ ጩኸት ተሰማ።

‹አስቴር! ኧረ አስቴር! ይሄ ሰውዬ እንደ ጎመን ሊቀቅለኝ ነው እንዴ!›

ሁለታችንም ተነስተን ሮጥን። እማማ አስካለች ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ከራሳቸው ላይ እንፋሎት እየተነሳ፣ ጉንጫቸው ቀልቶ ወጡ። እንዲህ ቀልተው አይቻቸው አላውቅም። ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ።

‹አንተ! ውሃ እንዲህ ይፈላል? ቆዳዬን ልትገፍ ነው? ቀንሰው! ደግሞ መስታወቱን ለማን ነው የሰቀላችሁት? ግንባሬን ብቻ ነው የማየው፤ አንገት የሌለኝ መስሎኝ ነው የከረምኩት። ያ ሳሙና ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል። የክፍሌም በር ከታች ገጥሞ አይዘጋም፤ ነፋሱ እግሬ ሥር ያፏጫል፤ ይሄን ሁሉ ጊዜ ማንም አላየውም?›

እኔ ‹እሺ እማማ፣ እሺ እማማ› እላለሁ። አፌ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ልቤ ግን ዘፈን ላይ ነው። በዚህ ቤት ተቀምጠው አንድ ቀን እንኳን ‹ይሄ አልተመቸኝም› ብለው የማያውቁት ሴትዮ፣ የታፈነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተከፍቶላቸው ያወርዱታል።

አስቴር ትንሽ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ‹ታዲያ እማዬ፣ ሰኞ ደካ ስትሄጂ . . .› ስትል አላስጨረሷትም።

‹ምን ደካ ደካ ትይኛለሽ? በሩ እንዲህ እየሆነ ትቼው ልሂድ? ሰው ቤቱን ከፍቶ ይሄዳል? መጀመሪያ በሩ ይሠራ!› አሉና ወደ ክፍላቸው ገቡ። በሩን ከኋላቸው ሊዘጉት ሞከሩ። አልገጠመም። ‹አላልኳችሁም!› የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

እንግዳ ያመሰግናል፤ የሚያማርረው የቤት ሰው ነው። ይሄን የሚያህል ነገር ለማወቅ ያን ሁሉ አቼቶ መጨረስ ነበረብኝ። አስቴር እየሳቀች አለቀሰች፤ ወይም እያለቀሰች ሳቀች፤ ምስሩ መሬት ተበትኗል። ሻንጣውን አንስቼ ወደ ቁም ሳጥኑ መለስኩት፤ ማንም ተው አላለኝም።

ሰኞ ዕለት አናጺ ጠራሁ። በሩን ከላይ እስከ ታች አየው፣ በጣቱ ለካው፣ ‹ቀላል ነው ጋሼ፤ ከምሳ በፊት እጨርስልዎታለሁ› አለኝ።

ክንዱን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኩት።

‹ወንድሜ› አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ‹ምን አጣደፈህ?›